ኩሬዬን ያጠብኩ ለት

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክሎሬላ የምትባለዋን አልጌ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ እንደሳልኳት አልቆጠርኩም። ከምግብ ሰንሰለቱ ግርጌ ትንሽ ክብ አደርግና «ይቺ በዓይን አትታይም፣ መላ አካሏ አንድ ሴል ነው፣ ግን ሁሉም የሚኖረው በሷ ነው» እላለሁ። ተማሪው ይጽፋል። ያልጻፍኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሌሞ ገጠር ያሉት የባለቤቴ አባት አሳ ላርባ ብዬ ስነዘንዛቸው ከእንሰቱ ዳር አንድ ጥግ ሰጡኝ። አሳው ካልሆነ ጥጉ ተመልሶ እንሰት ይተከልበታል፤ ውላችን ይኸው ነው። ኩሬ ቆፈርኩ፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጨመርኩ። የግብርና ባለሙያው መጥቶ እበት አስጨመረኝና ክንድህን እስከ ክርንህ ስትነክረው ጣትህ ካልታየህ ውሃው ምግብ ሆኗል አለኝ። ክሎሬላ እንደሆነች ጥሪ አትጠብቅም፤ እበትና ፀሐይ ካገኘች አንዷ አራት እየሆነች ትመጣለች። ኩሬው የጎመን ቅቅል መሰለ።

ያኔ ነው ከሆመቾ ዘመዶች አሳውን ሊያዩ ቅዳሜ ይመጣሉ የተባለው። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ውሃ ይታያል? ሁለት ቀን ሙሉ በባልዲ ቀዳሁ። እበቱን ጠረግሁ፣ ግድግዳውን በመጥረጊያ ፈተግሁ፣ የምንጭ ውሃ ሞላሁበት። ወገቤ እስካሁን ይቆጨዋል። ዘመዶቹ መጡ፣ አሳዎቹን አንድ በአንድ አይተው የውሃውን ጥራት አደነቁ። እኔም በትሕትና አንገቴን ደፋሁ። እነሱ ለምሳ ሲገቡ ሽማግሌው አማቴ ወደኋላ ቀሩ።

«ምንድነው የሚበሉት?»

«አልጌ ነው አባባ። ያ ውሃው ውስጥ የነበረው አረንጓዴ...»

«የነበረው» ያልኩትን ራሴ ሰማሁት።

«እና ሣሩን አጭደህ ጣልክና ከብቱን እዚያው አሰርክ።»

አልሳቁም። ዞር ብለው እንሰቱን አዩ፣ ከዚያ ጥጉን። እስከ ሌላው ቅዳሜ አያለሁ ብለው ገቡ።

የምኖረው ሆሳዕና ከተማ ነው፤ ጎረቤቴ ባለሱቅ ነው። ከሱቁ ጀርባ ክዳን የሌለው፣ ውሃው አረንጓዴ የሆነ በርሜል አለው። ሁለት ዓመት በንጽሕና ጉዳይ ያላስተማርኩት ትምህርት የለም፤ ደንበኞቹ ፊት ሳይቀር። እሁድ ጠዋት ጄሪካን ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ውሃ ለእርሾ የሚሆን ትንሽ ስጠኝ አልኩት። ጉዱን ካስተረከኝ በኋላ ስኳር የሚገዙት ሰዎች በደንብ አልሰሙም ብሎ እንደገና አስተረከኝ።

«ቲቸር፣ ያ ቆሻሻ ያልከው ነው የቸገረህ?»

«እሱው ነው።»

«ከነቢምቢው ልቅዳልህ?»

ሌሞ ድረስ በጋሪ ሄድኩ፤ ጄሪካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን ከፍቼ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መድኃኒት ነው ወይ ሲሉኝ የአሳ ነው አልኳቸው። ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ኩሬው ውስጥ ገለበጥኩት፣ በገዛ እጄ የጠረግሁትን እበት በገዛ እጄ መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ደመና መጣ አልመጣ እያሉ ሰማዩን ማየት ነው። ረቡዕ ላይ ውሃው ገረጣ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ዓርብ የኩሬው ወለል አልታይ አለ።

ቅዳሜ ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩ። ጎንበስ ብለው ወደ ውሃው አዩ።

«ጣቴ የለም» አሉ።

እጃቸውን በእኔ ኮት ጠረጉና ተነሱ።

«ጥጉ ይቆይልህ። ባልዲውን ግን እኔ ቤት አስቀምጠው።»