ውሃ የማይጠማቸው ሴቶች

ገበያ ስውል ውሃ እንዳልጠጣ ማን ነገረኝ? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም። እናቴ አልነገረችኝም። እናቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ፣ ሲደክማት ቦታዋን ለእኔ ስትለቅ፣ የሚዛኑን ነገር፣ የደላላውን ነገር፣ ዝናብ ሲመጣ ጆንያውን በምን እንደምሸፍነው አንድ በአንድ አስረድታኛለች። ስለ ውሃ ግን ቃል አልወጣትም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ስወጣ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳልቀምስ እወጣለሁ፤ ማታ ገብቼ በሩን ስዘጋ ጣሳዬን አነሣለሁ። ሕግ መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ መጽሐፍ ነው። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ ነው። ከሥራ በኋላ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ፣ ከጎጃም በረንዳ ጫኝና አውራጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ብዙ አልናገርም፤ ነገር ግን ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር አላሳልፍም። በዚህ አመሌ ያልተማረረ አስተማሪ የለም። አንድ ቀን የጤና ትምህርት ነበረን። አስተማሪው፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ወጣት፣ ሰው ሲጠማው ካልጠጣ ኩላሊቱ እንደሚጎዳ ከመጽሐፉ አነበበና ቀና አለ።

«እናንተስ? ቀን ሥራ ላይ ስትውሉ ምን ያህል ውሃ ትጠጣላችሁ?»

«ጠላ ይቆጠራል?» አለ አንዱ ጫኝ። ክፍሉ ሳቀ። ወንዶቹ እየተቀባበሉ መለሱ። ከነበርነው ጥቂት ሴቶች ግን አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ወዲያው ዓይናችንን ወደ ደብተራችን መለስን። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፤ እኔ ብቻ አይደለሁም።

በማግስቱ ሽንኩርቴን ትቼ ሰው መመልከት ያዝኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ውሃ ሻጩ በርሜሉን በጋሪ እየገፋ፣ እየጮኸ መጣ። ጣሳው ከጫኙ ወደ ደላላው፣ ከደላላው ወደ ሚዛን ያዡ ዞረ። ሴቶቹ ወደተደረደርንበት መስመር ሲደርስ ሰውየው ጩኸቱን አቆመ። ዝም ብሎ አለፈን፤ ከመስመራችን መጨረሻ ሲደርስ እንደገና መጮህ ጀመረ። እሱም ያውቃል ማለት ነው! ከዳር እስከ ዳር የተቀመጠችው ሁሉ፣ የጎጃሟም፣ የሸዋዋም፣ የወሎዋም፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ከንፈሯ ደርቆ እየተከራከረች፣ እየሳቀች፣ ደንበኛዋን እየመረቀች ትሸጣለች። ስለ መናንያን ተጋድሎ አንብቤአለሁ፤ እነሱ ግን ገድላቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው። ይህን ማንም አልጻፈውም። ማንም ሳይመክርበት፣ ማንም ሳያውጅ፣ ያ ሁሉ ሴት እንደ አንድ ሰው ሆኖ ጥሙን ይውጣል።

ምክንያቱ ግን ቀላል ነበር። በዚያ ሁሉ ገበያ ለሴት የሚሆን ሽንት ቤት አልነበረም። ወንድ የመጋዘን ግድግዳ አለው፤ ዞር ይላል፣ አለቀ። ሴት ወይ ከመንጋቱ በፊት ነው፣ ወይ ከመሸ በኋላ።

ከጎኔ የሚሸጡ አንዲት የጎጃም ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ምላሳቸው ከሽንኩርታቸው ይብስ ነበር። ባልም ልጅም የላቸውም፤ የሚያድሩት በዚያችው ሽንኩርት ነው። በዚያ ሰሞን ጎናቸውን እየያዙ ማቃሰት አበዙ፤ ትኩሳትም ተጨመረበት። ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ድሬሰሩ ኩላሊት ነው አለ።

«ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጡ። አለዚያ አልጋ ላይ ነው የሚቀሩት። ከዚያ የባሰም አለ።»

«እሺ ልጄ» አሉ እትዬ፣ በትሕትና። ደጅ ስንወጣ ግን ሳቃቸው መጣ።

«እሺ፣ ውሃውንስ ልጠጣ። ከዚያስ?»



ያም ሆኖ ውሃ በጠርሙስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ሲያጣድፋቸው እኔና አንዲት ጎመን ሻጭ ከመጋዘኑ ጀርባ ነጠላችንን ዘርግተን እንጋርዳቸዋለን። ጥቂት ቀን እንደዚህ ሄደ። አንድ ቀን ጋሪ የሚገፉ ጎረምሶች ደረሱብን።

«ምነው እናንተ፣ ድንኳን ጣላችሁ? ሰርግ ነው ለቅሶ?»

«ሰርግ ነው!» አሉ እትዬ ከነጠላው ውስጥ። «ሳይጠራ የሚመጣ ውሻ ብቻ ነው!»

ጎረምሶቹ እየተንከተከቱ ሄዱ፤ እኛም ሳቅን። እትዬ ሲወጡ ግን ፊታቸው ዐመድ መስሎ ነበር። በማግስቱ ጠርሙሱን ይዘው አልመጡም።

«እንዲህ ከምዋረድ ኩላሊቴ ይሙት።»

«ኩላሊትዎ ከሞተ እርስዎስ?»

«እኔና ኩላሊቴ ተስማምተናል። አንቺ ተማሪዋ፣ መጽሐፍሽ ሌላ የሚለው ካለ ንገሪኝ።»



ከመስመራችን ፊት ለፊት የአንድ ጅምላ ነጋዴ መጋዘን ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። እሳቸው ሲናገሩ የተራው ነጋዴ ሁሉ ያደምጣል። ግቢያቸው ውስጥ ለሠራተኞቻቸው ያሠሩት ሽንት ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ የቆርቆሮ ጣራው ከውጭ ይታያል። ብዙ ጊዜ ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምን ብዬ? ለገዛ እናቴ ያልተነፈስኩትን ለባዕድ ወንድ፣ ያውም ለሽማግሌ? ከዚያ ወዲህ በሴቶች ጉዳይ ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ሹማምንት ፊት ቆሜ ተከራክሬአለሁ። እንደዚያች የመጋዘን በር የከበደኝ ግን የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ሽንኩርታቸውን በትንንሽ መደብ እየከመሩ ሳሉ እጃቸው ቀጥ አለ። ጎናቸውን ይዘው በግንባራቸው ጆንያው ላይ ተደፉ። «ተዪኝ፣ ያልፋል» አሉኝ። ተነሣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ።

ሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከመኪና የሚራገፍ ድንች ያያሉ።

«ምነው ልጄ? ትናንት የወሰድሽው ሽንኩርት ብስባሽ ነበረው?»

«አልነበረውም ሐጂ። ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ዋጋ ቀንስ አትበዪኝ እንጂ ተናገሪ።»

ተናገርኩ። ሳላለሳልስ፣ ሽንት ቤት ብዬ ተናገርኩ። ሴቶቹ ለምን ውሃ እንደማይጠጡ፣ ድሬሰሩ ለእትዬ ምን እንዳላቸው፣ ከነጠላው ጀርባ ምን እንደደረሰባቸው ሁሉንም ተናገርኩ። «ግቢዎ ገብተን እንድንጠቀም ይፍቀዱልን» አልኩ። ጫኞቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ቆመዋል።



«እናቴ ገበያ እየወጣች ቅቤ ትሸጥ ነበር» አሉ ሐጂ። «አብሬያት ስውል ውሃ ስትጠጣ አይቼ አላውቅም። ጾም የምትይዝ ይመስለኝ ነበር። የኔን እናት የሚያህል ጾመኛ የለም እያልኩ በእኩዮቼ ላይ እኮራ ነበር።» በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያ አላህ! ጠምቷት ነበር እንዴ?»

የአትክልት ተራ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወሎም፣ እኔ ሳልወለድ በፊትም፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ጥሟን ስትውጥ ውላለች። ይህ ነገር ስንት ገበያ፣ ስንት ዘመን ወደ ኋላ እንደሚሄድ ሳስብ ቆሜ መቅረቴን አስታውሳለሁ።

ሐጂ ተነሡ። «ውጡ!» አሉ ጫኞቹን። «ሁላችሁም ግቢውን ልቀቁ።»

«ሐጂ፣ መኪናው እኮ ገና አልተራገፈም።»

«መኪናው ሽንቱ አልመጣበትም! ውጣ አልኩህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሴትዮዋን ጥሪልኝ። ለተራው ሽማግሌዎች ደግሞ አንቺው ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ ይህን ነገር መናገር አልችልበትም።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለቴ ምን እንደሚያስከትል ያኔ አላወቅሁም።

እትዬ አላመኑኝም። «ሽንኩርቴንስ ማን ይጠብቃል?» አሉ፣ ምክንያት ፍለጋ።

«እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ሐጂ ተከትለውኝ ኖሯል።

እትዬ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ተሻገሩ። በኩንታል እንጂ በመደብ ሸጠው የማያውቁት ሰው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከሽንኩርቱ ኋላ ቁጢጥ አሉ። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ጸጥ አለ፤ አትክልት ተራን ጸጥ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ምንም የማታውቅ አንዲት ገዢ ጎንበስ አለችና፣ «መደቡ ስንት ነው?» አለቻቸው።

ሐጂ ሽንኩርቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኔ ሰገግ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ስንት ነው የምንሸጠው?»