በልጅ አፍ የጾምኩት ሁዳዴ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ሐሜቴን፣ ቂሜን፣ በበዓል ቀን የፈተልኩትን ጥጥ ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን እየዋጥኩት ተመልሻለሁ። ውሸቱን የዋሸሁት ለእሳቸውም ጭምር ነውና በየት በኩል ልጀምርላቸው? እናንተ አታውቁኝም። ለማያውቁኝ ሰዎች መናገር ይቀለኛል።

የምኖረው ዳባት ነው። ከእናቴ በወረስኩት ሙያ አረቄ እያወጣሁ እሸጣለሁ። ወንድሜ በኮሶዬ በኩል ገበሬ ነው። ልጁ ትርንጎ አምስተኛ ክፍል ስትጨርስ እኔ ዘንድ ሆና እንድትማር አመጣልኝ። ልጅ አልነበረኝም፣ እሷ ስትመጣ ቤቴ ሞላ። እወዳት ነበር። ይህን የምለው እንዲቀልልኝ አይደለም። የሚወዱትን ሰው እንዲህ ያደርጉታል?

አረቄ ሲወርድ መቀመስ አለበት። መጀመሪያ ኃይለኛው ይመጣል፣ ከዚያ እየላላ ይሄዳል፤ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ምላስ ብቻ ነው። ለፋሲካ የሚጠጣው ደግሞ የሚወጣው በሁዳዴ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ወደ አፌ አላስገባም፤ እንዴት ልቅመስ? የሰፈራችን ሴቶች ለዚህ መላ አላቸው፤ ጾም ያልጀመረ ልጅ ጠርተው ያስቀምሳሉ። እንደ ነውር የሚያየው የለም። እኔም ትርንጎን ጠራኋት። የመጀመሪያ ቀን ፊቷን አጨማደደች፣ አሳላት፣ ሁለታችንም ሳቅን።

"አክስቴ፣ ይኸኛው ያቃጥላል። ያ ግን ውሃ ውሃ ይላል" አለች።

ልክ ነበረች። ከዚያ ወዲያ የትርንጎ ምላስ አይሳሳትም ተባለና አረቄ የጣደች ጎረቤት ሁሉ ትልክባት ጀመር። በማኅበር ቀን ወንዶቹ መለኪያ ሞልተው ይሰጧትና ስትጨርሰው ያጨበጭቡላት ነበር። ንስሐ አባቴም እዚያው ተቀምጠው ይስቁ ነበር። እኔስ? ኮራሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፣ ግን ማን ልብ አለው!

ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት፣ በቅበላው ሰሞን፣ መጥታ ፊቴ ቆመች።

"አክስቴ፣ ዘንድሮ ልጹም። ጓደኞቸ ሁሉ ይጾማሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እችላለሁ።"

የፋሲካው አረቄ የሚወጣበት ድፍድፍ ተዘጋጅቶ ነበር። "ገና ልጅ ነሽ፣ ለከርሞ" አልኳት። ለወንድሜ፣ ልጅህ አቅም የላትም፣ ራሷን ያዞራታል አልኩት። ለንስሐ አባቴም ይህንኑ ደገምኩላቸው፤ አምነውኝ "እንግዲያው ትቆይ" አሉ። ልጅቱ ጤነኛ ነበረች። ራሷን ያዞራት የኔው አረቄ ነበር። የኔ ጾም እንዳይፈርስ የሷን ጾም ከለከልኳት። እኔ ነኝ የከለከልኳት። በዚያ ዓመት ፋሲካን የፈሰክሁት አንድም ቀን አልሻርኩም እያልኩ ነው። ምኑን ነው የጾምኩት?

ለከርሞው ስለ ጾም አልጠየቀችኝም። ሳልጠራት መጥታ ልቅመስልሽ ማለት ጀመረች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ትቀር ጀመር፣ ኋላም ጭራሽ ተወችው። ጸበል ወሰድኳት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ትንሽ ሰንብታ ይሻላታል፤ ከዚያ ሰርግ ይመጣል፣ ተዝካር ይመጣል፣ "አንድ ብቻ፣ ምን ትሆኛለሽ" የሚል አይጠፋም። ከቤቴ እስከ መናኸሪያው መጠጥ አለ የሚል ጣሳ ያልተሰቀለበት ደጅ ስንት ነው? ያኔ ያጨበጨቡላት ሰዎች ዛሬ የሴት ሰካራም ይሏታል። ወንድሜ ለገበያ ሲመጣ "እታለም፣ ልጀን ምን አገኘብኝ?" ይለኛል። እግዜር ያውቃል እለዋለሁ። እኔም አውቃለሁ።

አሁን ሁዳዴ ገብቷል። በቀደም ጠዋት አረቄ ጥጄ ተቀምጬ ሳለሁ ትርንጎ ገባች። ትልቅ ሴት ሆናለች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሷ ይጋጫል። አንድ ጊዜ ከልክያት ወድቃ ስትንዘፈዘፍ አይቻለሁና መከልከልም እፈራለሁ፣ መስጠትም እፈራለሁ። አጠገቤ ተቀመጠችና የሚንጠባጠበውን አየችው።

"አክስቴ፣ አንች ጾመኛ ነሽ" አለች ቀስ ብላ። "ልቅመስልሽ?"

ቀዳሁላት። ስትጠጣው እጇ ረጋ።

"ላልቷል፣ ቁረጭው" አለች።

ልክ ነበረች። ቆረጥኩት።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። ንስሐ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሥራውን ይተዋል። ነገ ጠዋት ትርንጎ ትመጣለች፣ እኔም እቀዳላታለሁ።