የሀምዲን መድኃኒትና የከድጃ ዶሮዎች

ሀምዲን በደሴ ሃያ ዓመት በር የሠራ አናጢ ነው። ደንቡን ያውቃል፤ ጣውላ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ተደርጎ፣ ነፋስ እያገኘ ይደርቃል። ያን ክረምት ግን ሥራ በዛበትና እዚያው ጭቃው ላይ ደረደረው። የጦሳ ተራራ ጉም ስንት ሳምንት ተኛበት። በእርጥቡ የሠራውን በር የኮምቦልቻው ደንበኛው ጀማሉዲን በወሩ ጭኖ መለሰለት፤ ተጣሞ፣ ሥሩ ሻግቶ።

“ምን ነካው?” አለ ጀማሉዲን።

ሀምዲን አንዱን ጣውላ ገለበጠ። ከሥሩ ያቺ ግራጫ፣ ባለብዙ እግር፣ ሲነኳት እንደ ሽምብራ ፍሬ የምትጠቀለል ተባይ ተርመሰመሰች። የሰፈሩ ልጆች ድቡልቡል ይሏታል፤ ጎረቤቱ ከድጃ ዓይነ አፋር ትላታለች። ሀምዲን እዚያው ሌላ ስም አወጣላት።

“የእንጨት ቅማል ናት! እሷ ናት የጨረሰችኝ፤” አለና ደንበኛው እያየው የተባይ መድኃኒት በጥብጦ ረጨ። የምትበላው የበሰበሰውን ብቻ እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም፤ ጥፋቱን በእሷ ማላከኩ ነው።

እሷን እንሽላሊቱም ጉርጡም ይለቅማታል። የከድጃ ዶሮዎችም ለቀሟት። በማግስቱ አምስቱ ሞቱ። ከድጃ “ፈንግል ገባብኝ!” ስትል እየሰማ መርጨቱን አልነገራትም።

በሦስተኛው ቀን የቀረችዋን ዶሮ ታቅፋ መጣች። የዶሮዋ አንገት ተልፈስፍሷል። ከድጃ ባሏ ከሞተ ወዲህ በቤቷ የሚያርድ ወንድ የለም።

“አያ ሀምዲን፣ ድረስላት! በክት ሳትሆን ባርክልኝ። ለልጆቹ ወጥ ትሁን፤ አንዱን እግር ለአንተ እልካለሁ።”

ቢላዋውን ያዘ፤ ወደ ቂብላ ዞረ። ቢስሚላሂው አፉ ላይ ደረቀ።

“ይቺ አትበላም፤” አለ ዶሮዋን እያየ። “መርዝ ነው። ድቡልቡሎቹ ላይ የረጨሁት እኔ ነኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ከድጃ።”

ከድጃ ፊቷን አዞረች።

“ልጄን ሩሚሳን ገርፌያታለሁ እኮ፤ የሻገተ እህል ሰጥተሽ ገደልሻቸው ብዬ። ሂድ፣ መጀመሪያ እሷ አውፍ ትበልህ።”

የዘጠኝ ዓመቷ ሩሚሳ በቤታቸው ደጃፍ ላይ ዕቃ ታጥባለች። ሀምዲን ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራት።

“በሩን ስለበሉብህ ነው?” አለችው። ልታዝንለት ዳድቷታል።

“አልበሉትም። በእርጥብ እንጨት ሠርቼ ያበላሸሁት እኔው ነኝ።”

“ታዲያ እነሱ ምን አደረጉህ?”

ሀምዲን ጆሮው እስኪግል አፈረ። ከዚያ ስልኩን አወጣና እዚያው እንደተቀመጠ የበሩን ባለቤት የጀማሉዲንን ቁጥር ይፈልግ ጀመር።