የጠበሉ ታንከር

የሶስና ቀኝ እጅ የብየዳውን አፍ እንደ ብዕር ይዟል፤ ግራ እጇ ቀጭኑን ሽቦ በሁለት ጣት እየገፋ ለእሳቱ ያቀብላል። ሽቦው ሲነካ ይቀልጣል፣ ጠብ ይላል፣ ጠብታው ሳይረጋ ሌላው ይደረብበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ በቧንቧው ዙሪያ እንደ ነጠላ ጥለት ይሰለፋል።

ቦታው ዳንግላ ነው፣ ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ ጠበሉ አጠገብ። ታንከሩ የማይዝገው ስቴንለስ ነው፤ ቧንቧው ግን ተራ ጥቁር ብረት። አምና ሌላ በያጅ ሁለቱን በተራ ሽቦ አያይዟቸው ነበር። ሥራው ለዓይን ያምር ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን መጋጠሚያው ዝጎ ተላቀቀና ጠበሉ ሁሉ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ሶስና የያዘችው ሽቦ ለሁለቱም ብረት የሚስማማ ነው። ከባሕር ዳር ያስመጣችው ነው፤ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ዘመን፣ ከተማው ውስጥ ከእሷ ሌላ የያዘው ሰው የለም።

ነገ የደብሩ ንግሥ ነው። ታንከሩ ዛሬ ካልሞላ፣ ከየገጠሩ የሚመጣው በሽተኛ ደረቅ ቧንቧ ነው የሚጠብቀው።

ሶስና ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከኢንጅባራ ወዲያ፣ አዘና መገኘት አለባት። እናቷ ሲያርፉ ባሕር ዳር የወተት ማቀዝቀዣ ትበይድ ነበር፤ መንገድ ተዘጋና ለቀብሩ አልደረሰችም። ወንድሟ አየነው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቷን በብረት የለወጠች» አላት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። አያ መሳፍንት የሚባሉ ሽማግሌ ደጋግመው ለምነው ነው ዛሬ ለእርቅ እንዲቀመጥ እሺ ያሰኙት። ሽማግሌ ተቀምጦ ያልመጣ ሰው እርቁን እንደናቀ ይቆጠራል። አየነውም አስቀድሞ ተናግሯል፦ ዛሬ ከቀረች ሁለተኛ አይቀመጥም።

ባለጋሪው እንዳልካቸው መናኸሪያ ሊያደርሳት ከበሩ ቆሟል።

«እታለም፣ ፈረሴ እንኳ ተሳልሞ ጨረሰ፤ እኔና አንቺ ነን የቀረን!»

«መጣሁ፣ መጣሁ» አለች። የመጨረሻዋን ጠብታ አሳርፋ መከለያውን ከፊቷ አነሳች። ዙሪያውን አየችው፤ ቀዳዳ የለውም። ደስ አላት።

አጥማቂው አባ ሰውነት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀረቡ። «እጅሽን ይባርከው፣ ልጄ።»

«አሜን አባ። እንዳይነኩት ብቻ፣ ገና ትኩስ ነው።»

«ምን በወጣኝ! አልነካም።»

እውነትም አልነኩም። ሶስና ፊቷን ልትታጠብ ዞር ስትል፣ በዚያ ደብር አዲስ ነገር ሁሉ ሥራ ሳይጀምር ጠበል ይረጭበታልና፣ የጠበል መቅጃ ቅላቸውን ሞልተው መጋጠሚያው ላይ አፈሰሱት። ትስስ አለ፤ እንፋሎቱ ጢማቸውን ሸፈነው። ቀጥሎ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፦ ቀጭ።

ሶስና ድምፁን ታውቀዋለች። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁም ሲበርዱም እኩል አይሄዱም፤ ቀስ ብለው ካልቀዘቀዙ ይጓተታሉ። ሮጣ መጥታ ብታይ፣ ጥቁሩ ብረት ዳር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ።

«አባ!»

«ምነው ልጄ? ባረክሁት እኮ።»

«ርኩስ መንፈስ ነበረበት» አለ እንዳልካቸው ከበሩ፤ «አልሰማችሁም ሲጮህ?»

ማንም አልሳቀም። አባ ሰውነት ቅሉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

ስልኳ ጠራ። አያ መሳፍንት ናቸው። «የት ደረስሽ? ወንድምሽ መጥቷል። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ነው የመጣ።»

ያን ጋቢ ታውቀዋለች፤ ለደህና ቀን ካልሆነ ከሣጥን አይወጣም።

«ዳንግላ ነኝ፣ አያ መሳፍንት። ትንሽ እንዲጠብቀኝ ይለምኑልኝ።»

«አሁንም ዳንግላ?»

አሁን ብትነሣ ሚኒባስ ታገኛለች። እንዳልካቸው ልጓሙን ጨብጦ ዓይን ዓይኗን ያያል። እሷ ግን ወደ አጥሩ አየች። አንዲት ሴት ከወዲሁ ደርሳ፣ ዓይነ ስውር አባቷን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ባዶ ጀሪካን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሶስና ጎንበስ አለችና ግራይንደሩን አነሣች።

ስንጥቁን ሞርዳ አውጥታ፣ የቀራትን ሽቦ አንሥታ፣ ከግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ የብየዳው እሳትም አብሮ ሞተ።

ታንከሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጓንቷን አላወለቀችም። ጥላው ከእግሯ ወደ ጉልበቷ ወጣ። እያንዳንዱ የሚኒባስ ጥሩምባ ከዋናው መንገድ ይሰማታል፤ እያንዳንዱ ያለ እሷ ይሄዳል። ስትደውል ኔትወርክ የለም። መሄድ አትችል፣ መሥራት አትችል። አባ ሰውነት ራቅ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ተቀምጠዋል፤ እንደገና እንዳያጠፉ የፈሩ ይመስላሉ።

መብራቱ ሲመጣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ጨረሰችው። መጋጠሚያውን በአመድና በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነችውና ቀስ ብሎ እስኪበርድ አጠገቡ ቆመች። ውሃው ሲለቀቅ አንድም ጠብታ አላፈሰሰም። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ደቀነች።

ያኔ ስልኩ ያዘላት።

«ከእርቁ ተነሥተናል፣ ልጄ» አሉ አያ መሳፍንት። «አጠገቤ ነው፤ እንካ አናግራት ብየዋለሁ።»

አየነው በአገውኛ፣ እናታቸው ቤት ይነጋገሩበት በነበረው ቋንቋ፣ «ብረቱ አለቀ?» አላት።

ስለ ቅሉ፣ ስለ ዓይነ ስውሩ፣ ስለ መብራቱ ልትነግረው ፈለገች።

«አለቀ» አለች።

«በይ ደህና ሁኚ» ብሎ ስልኩን ለሽማግሌው መለሰ።

ጋሪው ላይ ስትወጣ እንዳልካቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። «መናኸሪያ እንሞክር? በዚህ ሰዓት ወደ ኢንጅባራ የሚወጣ ባይኖርም።»

«ቤት አድርሰኝ» አለች።

ፈረሱን ዘወር አደረገው፤ የአዘናው መንገድ ከኋላቸው ቀረ።