የጎረቤቴ እስፒከር ሲገመገም

ቅናት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። በጎረቤት ጥላ ቀንቼ አውቃለሁ፤ የድሬዳዋን ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ኃጢአት አይቆጥርብኝም። በሰው ፀጉር ቀንቻለሁ፣ በሰው እንቅልፍ ቀንቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አማቱ ዲዳ በሆነች ሰው ላይ ክፉኛ ቀንቻለሁ። በጎረቤቴ እስፒከር ላይ እንደተጻፈችው አንዲት ገጽ ግን አንጀቴን ያሳረረው ነገር የለም።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። እኔ የተቃጠለ አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፤ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ የእስፒከር ሳጥን በእጄ እሠራለሁ። ጣውላውን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ራሴ አለሰልሳለሁ፣ ሲያልቅ ራሴ አደንቃለሁ። እሱ ከውጭ የመጣ እስፒከር ከነካርቶኑ ይሸጣል። የሚለየን ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆኜ «የርሐሙከላህ» እለዋለሁ። ቤቱ ሶማሊኛ ያወራል፣ ከደንበኛ ጋር ኦሮምኛ፤ አማርኛን የተማረው ከእኔ ጋር ለመሟገት ብቻ ይመስለኛል። ሙግቱን ይችልበታል። ፊደሉን ግን አያነብም።

አሁን ወደ መጽሔቱ ልምጣ። አዲስ አበባ የሚዘጋጅ፣ ስለ ድምፅ ዕቃ ብቻ የሚጽፍ መጽሔት ነው። ስለ እስፒከር፣ ስለ አምፕሊፋየር፣ አንዳንዴም ስለ ሽቦ ይጽፋል። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማተሚያ ቤቱ አድራሻ ድረስ አነበዋለሁ። በየእትሙ አንድ ዕቃ ይገመግማሉ፤ ያ ዕቃ በማግስቱ ሀገር ያውቀዋል። እኔም ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረችውን አንዷን መርጬ፣ ቫርኒሽ ደራርቤ፣ ፊቴ እስኪታይባት ወልውዬ፣ ሚስቴ ለእንግዳ በምታስቀምጠው የአልጋ ልብስ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ላክኩላቸው። ሙሽራ እንኳ እንዲያ ተሸፋፍና አትሄድም። «ይገመገምልኝ» ብዬ ከላይዋ ጻፍኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። ክረምቱ አለፈ። እትም በእትም ተተካ፤ ሁሉም ይገመገማል፣ የእኔ የለም። ሚስቴ ስለ እስፒከሩ አንድም ቀን አልጠየቀችም፤ ስለ አልጋ ልብሱ ግን ጠዋት ማታ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ገበያው ሁሉ ለጫት በርጫ ሊከተት ሲል፣ የጎረቤቴ ስልክ ጮኸ። እሱ ስልክ የሚያወራው ድምፁን ከፍቶ፣ ለመላው ታይዋን እንዲሰማ አድርጎ ነው፤ ጆሮዬ ላይ ስለጥፈው ያተኩሰኛል ይላል። እናም ሁሉንም ሰማሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከዝግጅት ክፍሉ ነው የምንደውለው» አለ ጨዋ ድምፅ። «እርስዎ ዘንድ ያለውን መሣሪያ ልንገመግም ፈልገን ነበር።»

መሣሪያ! ግምገማ! ለእኛ ሀገር ሰው ከእነዚህ ሁለት ቃላት አንዱ ብቻ ይበቃዋል። አንደኛው ያሳስራል፣ ሁለተኛው ከሥራ ያስባርራል። ጎረቤቴ ሽርጡን አጥብቆ ያዘና ብድግ አለ።

«ወላሂ መሣሪያ የለኝም!»

«አለዎት እንጂ። ከእርስዎ የገዙ ሰዎች በየጊዜው ይጽፉልናል።»

«እኔ? ለሰው ሸጥኩ? ውሸት ነው! ምቀኛ ነው!» አለና ወደ እኔ አፈጠጠ።

«ድምፁ እስከ ሦስተኛ ጎረቤት ይሰማል ይላሉ።»

«አልተኮስኩም! ያ ረቢ! ኑ፣ ቤቴን ፈትሹ! ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል!»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ገና «ዝግጅት ክፍል» ሲል ማን እንደደወለ ገብቶኛል። አንድ ቃል ብተነፍስ ላቡ ይደርቅለት ነበር። አልተነፈስኩም። ያ ስልክ የእኔ ስልክ ነበራ! ለእኔ ሊጮኽ የሚገባው ስልክ በቆርቆሮው ወዲያ ማዶ ጮኾ፣ መጽሔቱ ይብላ ይጠጣ የማያውቅ ሰው አነሳው። ትንሽ ይላብ አልኩ። ላበም፤ የደቻቱን ወንዝ የሚሞላ ላብ ላበ።

መጨረሻ ላይ ልቤ ራራና ስልኩን ተቀብዬው አስረዳሁ። ሰውየው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «ጎረቤትዎ አንድ ጥንድ በውሰት ይላኩልን። ግን መርጠው እንዳይልኩ። አንድ ገዢ መጥቶ ቢጠይቅ የሚያነሱለትን፣ እጃቸው ያረፈበትን።»

አጋጣሚውን አላሳለፍኩም። «ጌታዬ፣ እኔ ደግሞ ያ በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣው እስፒከር ባለቤት ነኝ» አልኩ።

«አዎ…» አለ ቃሉን ጎትቶ። «ደርሶናል። እናመሰግናለን።»

ምስጋናው ከለቅሶ ቤት ሲወጡ የሚባለው ዓይነት ነበር።

ጎረቤቴ በደመ ነፍስ አንስቶ የላከው የሚቀመጥበትን የእስፒከር ካርቶን ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተቀምጦበት ሻይ ይጠጣበት የነበረውን! ከላዩ ላይ የብርጭቆ ክብ ቅርጽ እንዳረፈበት ሄደ። የእኔዋ ሙሽራ መጋዘን ስትቀመጥ፣ የእሱ ወንበር ሊገመገም ሄደ።

ያን ሰሞን እንቅልፍ የለም። መጽሔት ዕቃ የሚመርጥበት ምሥጢር ሊገባኝ ይገባል ብዬ የምርመራ ኮሚቴ ሆንኩ፤ አባሉም ሰብሳቢውም እኔ ነኝ።

«ጫት ልከህላቸዋል» አልኩት።

«አቦ፣ መሣሪያ ደብቀሃል የሚለኝ መስሎኝ ልጠፋ የነበርኩ ሰው ጫት መቼ ላኩ?»

«ማስታወቂያ አስነግረሃል።»

«የት? እኔ እዚች ሱቅ ላይ እንኳ ስሜን አልጻፍኩም።»

«እዚያ የሚሠራ ዘመድ አለህ።»

«ዘመድማ አለኝ፤ ጅቡቲ ነው። ወሪያ! ቀናህ እንዴ?»

«እኔ? በአንተ?» አልኩ። የያዝኩት የብየዳ ብረት ግን ጣቴን አቃጠለኝ።

እትሙ የደረሰ ቀን መጀመሪያ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ሊያስነብበኝ መጣ፤ ከእኔ ሌላ ማን አለውና? ካርቶኑን ጎተተና ተቀመጠ፤ ሌላ ካርቶን ነው፣ ያኛው አዲስ አበባ ታዋቂ ሆኖ ቀርቷል። ገጹን ከፈትኩ። የፊደል ባለሥልጣን እኔ ነኝ፤ ብፈልግ ዕቃህ ሰው ገድሏል ብዬ ላነብለት እችል ነበር። ማጋነን ደግሞ ያለ ሥልጠና የተሰጠኝ ነው። ግን የተጻፈው ራሱ መርዶ ስለነበር መጨመር አላስፈለገኝም። ድምፄን አሳምሬ አነበብኩት።

«የዚህ እስፒከር ቤዝ ቤት ያፈርሳል» ይላል። «ዘፋኙ ምን እንዳለ ለማወቅ ዘፈኑን ከቤት አጥንቶ መምጣት ያስፈልጋል። ዝቅ ሲያደርጉት ያኮርፋል፣ ከፍ ሲያደርጉት ይጣላል። ጸጥ ባለ ክፍል ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው አንመክርም።»

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ። በሐዘኑ ላጽናናው ተዘጋጅቻለሁ፤ ውስጤ ግን እልል ይላል።

«ቤት ምን?» አለ።

«ያፈርሳል።»

«ድገመው እስቲ።»

«ቤት ያፈርሳል!»

«ማሻአላህ!» ብሎ ጭኑን መታ። «አዲስ አበባ ሆነው ሰሙት!»

«አቦ፣ ስድብ እኮ ነው! አንመክርም ብለዋል!»

«ለማን?»

«ጸጥ ባለ ክፍል ለሚሰማ ሰው።»

«ድሬዳዋ ጸጥ ያለ ክፍል የት አለ?» አለኝ። «ሰርግ ላይ ቤት ካላፈረሰ ለምን ይመጣል? ሽሮ ሊበላ ነው?»

በሦስተኛው ቀን በሱቁ ላይ ትልቅ ሸራ ተዘረጋ፤ ከላይ እስከ ታች «ቤት ያፈርሳል» የሚል፣ ሥሩ ደግሞ «መጽሔት የመሰከረለት»። ጽሑፉን ለአታሚው የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ፊደል የሚያውቅ ጎረቤት የለውም አልኳችሁ። ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ከሳቢያን መጥተው ሸራውን ቀና ብለው አዩት።

«ልጆቼ፣ ለሰርግ ነው የፈለግኩት። ቤት የሚሠራ የላችሁም?» አሉ።

«እማማ፣ የሚፈርሰው የጎረቤት ነው» አላቸው ጎረቤቴ። ሳቁና ገዙ። ከመልካ ጀብዱ አንድ ባለ ጭነት መኪና መጥቶ መደርደሪያውን ጠርጎ ሄደ። በእኔ ደጅ የሚያልፈው ሁሉ ወደ እሱ ነው፤ የሚያቆመኝ ካለም «ቤት አፍራሹ የት ነው?» ለማለት ነው። እጄን ዘርግቼ አሳያለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ሆኜ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ነው ቅናቴ መልኩን የለወጠው። ሰው በምስጋና ይቀናል፤ እኔ በስድብ ቀናሁ። እንዲያ አድርጎ፣ ሙሉ ገጽ ሰጥቶ የሚሰድበኝ ሰው አማረኝ። የሱቄን በር ገርበብ አደረግኩና ለመጽሔቱ ደወልኩ። ያው ጨዋ ድምፅ አነሳ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አልኩት። «እንዴት ነው የምትመርጡት? ጎረቤቴ አልጠየቃችሁ፣ አልለመናችሁ፣ የሚቀመጥበትን ላከላችሁ። እኔ ለምኜ፣ ወልውዬ፣ ከሚስቴ ጋር ተጣልቼ ላክኩ።»

«የእሳቸውን አንባቢ ጠየቀን» አለ። «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ የሚል ደብዳቤ መአት ነው። በየከተማው ይሸጣል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣበት ያለ ዕቃ ስለሆነ ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን መናገር አለብን።»

«የእኔስ? ሳትከፍቱት ቀራችሁ?»

«ኧረ ሰምተነዋል። የመጣ ሰሞን ነው የሰማነው። ሦስታችንም ተቀምጠን።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። «እና?»

«ወንድሜ፣ አንድ ልማድ አለን። በእጁ የሚሠራ፣ ብቻውን የሆነ ሰው ሥራ ሲመጣ፣ ጥሩ ከሆነ ጮኸን እንጽፋለን። ጥሩ ካልሆነ… ዝም እንላለን። የአንድ ሰው እንጀራ በአንድ ገጽ አይዘጋም።»

እኔ ክረምቱን ሙሉ ቢሮክራሲ፣ ጉቦ፣ ዘመድ ስል የከረምኩበት ዝምታ፣ ለካ ምሕረት ነው! በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ያመመኝ ስድብ የለም። ይቅር የተባለልኝ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ።

«ብትጽፉ ኖሮ ምን ትጽፉ ነበር?»

«ይቅርብዎት።»

«በአላህ! ይንገሩኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳጥኑ ቆንጆ ነው፤ ከሳጥኑ ጋር ፎቶ ተነስተናል። ዘፋኟ ግን ያንን የአልጋ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። እኛማ መጀመሪያ ሳንገልጠው የከፈትነው መስሎን ነበር።»

ጥሩ አባባል ነበር። እኔ ራሴ ብጽፈው የምኮራበት። ለዚህ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ፤ እንዲህ ያለ ስድብ ተዘጋጅቶልኝ፣ ታትሞ ሳይወጣ!

«አትሙት» አልኩ።

«አንችልም።»

«ጎረቤቴን ስትሰድቡ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። እኔን ምን ስለበደልኩ ነው የምትምሩኝ? ለመሰደብ ምን ያህል ሰው መሆን አለብኝ?»

ሰውየው ሳቀና «መጀመሪያ ያሻሽሉት። ከዚያ ይላኩ። ጥሩ ከሆነ እናመሰግናለን፤ ለጥቂት ከሳተ ደግሞ ቃል እገባለሁ፣ እንሰድብዎታለን» አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሙሽራዬ በአውቶቡስ ተመለሰች። የአልጋ ልብሱን ሚስቴ ከመናኸሪያው ራሷ ወሰደች። እስፒከሯን የሱቄ መሀል አስቀምጬ፣ ከእሷ ጎን ከጎረቤቴ አንድ ቤት አፍራሽ ተውሼ፣ ያንኑ ዘፈን በሁለቱም ከፈትኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬን የሰማሁት እንደ ወላጅ ነው፤ ልጁ ሲኮላተፍ ቅኔ የሚመስለው ዓይነት። አሁን ግን እንደ ገዢ ተቀመጥኩ። የእሱ ተሳደበ፣ አኮረፈ፣ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠ። የእኔዋ ደግሞ… እውነትም ተከናንባለች። ዘፋኟ ትንፋሽ ያጠራት መሰለኝ፤ ሄጄ አየር ላስገባላት ሁሉ ቃጣኝ።

ብሎኑን ፈታሁ። የኋላ ጣውላውን አወለቅኩ። ውስጧን ጨርቅ በጨርቅ አድርጌ፣ ወርዷንም አጥብቤ ነበር፤ ውበት መስሎኝ። ሰፋ ያለ ጣውላ ልቆርጥላት መጋዙን አነሳሁ። ጎረቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ።

«ወሪያ! ምነው ታፈርሳታለህ? መጽሔቶቹ ምን አሉህ?»

ከዚህ በፊት ቢሆን ዋንጫ ሊሰጡኝ ነው እለው ነበር። «ለመሰደብም አልደረሰችም አሉ» አልኩት።

እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር። ትንሽ አሰበና ሽርጡን ሰብስቦ ቁጢጥ አለ፤ የጣውላውን ሌላ ጫፍ ግጥም አድርጎ ያዘልኝ። «አብሽር» አለ። «ቁረጥ።»

መቁረጥ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ አንገቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጠሟል» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው ጠመመ የምትለኝ? እስፒከር ከካርቶን አውጥተህ ከመሸጥ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

«እኔ» አለ፣ ጣውላውን ሳይለቅ፣ በኩራት፤ «እኔ እኮ የተገመገምኩ ሰው ነኝ።»

መቁረጥ የጀመርኩትን መስመር ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠሟል። መጋዙን አውጥቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።