የክርስትና ስሜን የጻፍኩ ዕለት

ስልክ ቁጥር የማይጠይቅ፣ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም ሊያነበው የማይችል መልእክት መላኪያ ላሊበላ ሲደርስ፣ ከሁሉ ቀድመው የወደዱት የንስሐ አባታችን ነበሩ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስልካቸው ላይ ጫኑላቸው። «ፊት ለፊት ለመናገር የምታፍሩ በዚህ ጠይቁኝ። ስማችሁን አትጻፉ፤ እኔም አልጠይቅም» አሉን።

ያኔ ዲያቆን ነበርኩ። አባቴ ከአሸተን ማርያም በታች ገብስ እያረሰ ነው ያስተማረኝ፤ ተዝካር ላይ «ልጄ እኮ ቀዳሽ ነው» ሳይል እህል አይወርድለትም። ቀዳሹ ልጁ ግን ጋሸና መኪና አጥቼ ባደርኩ ጊዜ ከምወዳት ልጅ ጋር ወደቅሁ። ሳያገባ የወደቀ ዲያቆን መቅደስ አይገባም፤ ክህነቱ አበቃ። ብናገር አባቴ አንገቱን ሊደፋ ነው፤ ብደብቅ በድፍረት ልቀድስ ነው። ሁለቱንም ፈራሁ።

ስለዚህ ጻፍኩ። መለያዬ ላይ ፎቶ አላደረግሁም፤ መልእክቱም በማግስቱ እንዲጠፋ አዘዝኩ። ዲያቆን መሆኔን፣ መውደቄን ተናገርኩና መጨረሻ ላይ «በጸሎትዎ ያስቡኝ» ብዬ የክርስትና ስሜን ጨመርኩ። ያለ ክርስትና ስም ለማን ይጸለያል? ጎረቤት የማያውቀው፣ ትምህርት ቤት ያልተጠራሁበት ስም ስለሆነ መደበቂያ መሰለኝ። እኔን በዚያ ስም የሚያውቁኝ እርሳቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከላክሁ በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እያፈርኩም በራሴ ሳቅሁ።

መልሳቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ አንተ ግን ተናግረሃል። ከእንግዲህ አትቀድስ። ለቤተሰብህ የምትነግረው አንተው ነህ፤ እኔ አልናገርም።» ስሜን አልጠሩም።

እሑድ ተራዬ ነበር። ልብሰ ተክህኖ ላነሣ ስል «አንተ ተወው፣ ሌላ ይግባ» አሉኝ በሰው ፊት። በሚቀጥለው ተራዬም እንደዚያው። ምክንያት አልሰጡም፤ ሰው ግን ምክንያት አያጣም። «የገበሬ ልጅ ንቀው ነው» ተባለ። አባቴ ይህን ሲሰማ መስቀል ሳይሳለም በአጠገባቸው ማለፍ ጀመረ፤ በደጀ ሰላሙም የማይሆን ቃል ተናገራቸው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ እርሳቸው ነጻ ይወጡ ነበር። ዝም አሉ። እኔም አብሬ ዝም አልኩ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

አጨዳ ላይ ሳለን አባቴ ማጭዱን ይዞ ቀና አለ። «እኒያ ቄስ ምን በደልናቸው? ነገ ሀገረ ስብከት ሄጄ እከሳቸዋለሁ።»

ከዚያ በላይ መሸሸግ አልቻልኩም። «አባየ፣ አይክሰሷቸው። የኔን ነውር ተሸክመውልኝ ነው» አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

አባቴ እንደፈራሁት አንገቱን ደፋ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ማጭዱን ነዶው ላይ አስቀመጠ፤ ጋቢውን አነሣ።

«ተነሥ፣ እሳቸው ዘንድ እንሂድ» አለኝ። «መጀመሪያ የምናዘዘው ግን እኔ ነኝ። ያንተስ በስውር ነው፤ እኔ በሰው ፊት ነው ያዋረድኳቸው።»