«ግልጽ ነው» እና አርባ አምስቱ ሪሞቶች

የስድስተኛ ክፍሉን የሒሳብ መምህር በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ቢኖር የቢሮ ጸሐፊዋ ብቻ ናት። ለተማሪው፣ ለጥበቃው፣ ከኋላቸው ሲሆን ደግሞ ለባልደረቦቻቸውም ጭምር «ግልጽ ነው» ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር ጽፈው ሲጨርሱ ጠመኔውን ወደ ላይ ወርወር አድርገው ይቀልቡትና ዞር ብለው «ግልጽ ነው?» ይላሉ። አርባ ሁለት አፍ በአንድ ድምፅ «ግልጽ ነው!» ይላል። እሳቸውም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እንዲህ ሲያልፉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው።

ሰነፍ መምህር እንዳይመስሏችሁ። ከደወሉ ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ያለ ኮምፓስ በእጃቸው ክብ ሲስሉ መነሻውና መድረሻው ልክ ስለሚገጥም፣ ይህን ለማየት ብሎ ከሌላ ክፍል መጥቶ በመስኮት የሚያጮልቅ ልጅ አይጠፋም። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሳቸውም ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት በአባታቸው ሜትር ላይ ቁጥር አንብበዋል። ስለዚህ ከሒሳብ ሁሉ የሚወዱት አስርዮሽን ነው። ለእሳቸው ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር ጣታቸው የዳበሰው ነገር ነው፤ ሰው በዚህ ምኑ ላይ ግራ እንደሚጋባ ሊታያቸው አይችልም።

አንድ ቀን ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ ጥቁር ሻንጣ አንጠልጥላ መምህራን ማረፊያ ገባች። ይህች ልጅ ድሮ የእሳቸው ተማሪ ነበረች። አሁንም «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ማስታወቂያው ላይ የምትፈርመው ግን እሷ ናት። ሻንጣውን ስትከፍተው በስፖንጅ ውስጥ የተደረደሩ አርባ አምስት ትናንሽ ዕቃዎች ታዩ። እያንዳንዳቸው የክብሪት ቤት ያክላሉ፣ ሀ ለ ሐ መ የሚሉ አራት ቁልፎች አሏቸው። አብሯት የመጣው ወጣት አሠልጣኝ «የተማሪ ምላሽ መስጫ መሣሪያ» አላቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ሰው «ሪሞት» አላቸው፤ በዚያው ጸና።

ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። መምህሩ ጥያቄውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ያሳያል፣ ተማሪው ከመልሶቹ አንዱን ይጫናል፣ ላፕቶፑ ይሰበስብና ስንቱ ምን እንዳለ በዓምድ ያወጣል። ማን ምን እንደተጫነ ግን ማንም አያይም።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ክፍል እንጀምር ብዬ ነው» አለች።

«ምን በደልኩሽ?» አሉ መምህሩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ባያነሱባቸው ይወዳሉ። ሪሞቱን ማደል ብቻ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ቁጥር አሥራ ሰባት የኔ ነው የሚሉ ሁለት ልጆች ተናነቁ። ላፕቶፑ ጥያቄውን ሊከፍት ሲል «ራሴን እያደስኩ ነው፣ እንዳያጠፉኝ» ብሎ ተቀመጠ፤ እሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው እስኪያድስ ቆሙ፤ ሲያድስ ደወል ተደወለ። በማግስቱ ላፕቶፑ በደንብ ተነሣ፣ ስድስት ሪሞቶች ግን ባትሪ የላቸውም። ባትሪዎቹ የት እንደሄዱ ለመጠየቅ ምርመራ አላስፈለገም፤ አንዱ ልጅ በየዋህነት «ቲቸር፣ የቤታችን ቴሌቪዥን ሪሞት አልቆበት ነበር» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ሠራ። አርባ ሁለቱም ልጆች ጥያቄው ሳይነበብ ተጫኑ፤ ደስ ያላቸው መጫኑ ነዋ።

«ጨጓራዬን ላጡት» አሉ ማታ ለባለቤታቸው። «በጠመኔ ሦስት ጥያቄ የምሠራበትን ሰዓት ዕቃ ሳድልና ስሰበስብ እጨርሰዋለሁ። መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ እኮ!»

ሚስታቸው የጤና ጣቢያ ነርስ ናቸው፤ ያበጠ እግራቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው «እ» አሉ።

ከዚያ የክፍል አለቃ ምርጫ መጣ። ርዕሰ መምህርቷ በሪሞት ይሁን አለች። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣውና «ፈጣኗ» የሚሏት ልጅ ስትሆን፣ ሌላው ኳስ ተጫዋቹ ነው። ልጆቹ ተጫኑ፣ ውጤቱ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ፈጣኗ ሃያ አንድ፣ ኳሰኛው ሃያ አራት። ኳሰኛው ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጣ።

መምህሩ ግን ደምረዋል። መደመር ሥራቸው ነው።

«ውረድ» አሉት። «እናንተ አርባ ሁለት ናችሁ። ድምፁ አርባ አምስት ነው። ሦስት ድምፅ የሰረቀ አለ። እስኪገኝ ድረስ እረፍት የለም።»

ደወሉ ተደወለ፤ ማንም አልወጣም። ውጪ የሌላው ክፍል ልጅ ይሯሯጣል፣ እነዚህ ደብተር ያራግፋሉ፣ ኪስ ይገለብጣሉ። «ዓይን ዓይኔን እዩኝ!» አሉ። አዩአቸው። «እውነቱን የሚነግረኝ አይቀጣም!» አሉ። የሚነግር ጠፋ። ቆሽታቸው አረረ፤ ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ፍለጋ ኮታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ ከቁልፋቸው ጋር አንድ ነገር ተንኳኳ። መጠባበቂያዎቹ ሦስት ሪሞቶች ነበሩ። ጠዋት እንዳይጠፉ ብለው ራሳቸው የከተቷቸው። በተንቀሳቀሱ ቁጥር የቤት ቁልፋቸው የሪሞቶቹን መጫኛ ሲነካ ቆይቷል፤ ሦስቱም አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ።

ሦስቱንም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው።

«ቲቸር» አለች አንዷ፣ «ለኳሰኛው ነው እንዴ የመረጡት?»

ይቅርታ አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። «አልሰማንም!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። ደግመው አሉ። ምርጫውም ተደገመ፤ ሃያ አንድ ለሃያ አንድ እኩል ወጣ። በመጨረሻ ፈጣኗ የመጀመሪያውን መንፈቅ፣ ኳሰኛው ሁለተኛውን እንዲይዙ ተስማምተው ተለያዩ፤ ያን ቀን ሒሳብ የሚባል ነገር አልተነሣም።

እስካሁን ያለው እንኳ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው አስርዮሽ ያለቀ ዕለት የመጣው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተምረዋል። «ግልጽ ነው?» ብለዋል፣ «ግልጽ ነው!» ተብለዋል። ለመዝጊያ ያህል፣ የሚያሳፍር ቀላል ጥያቄ ግድግዳው ላይ አወጡ፤ የቱ ይበልጣል? ሀ፣ 0.25። ለ፣ 0.125። ሐ፣ እኩል ናቸው።

ዓምዶቹ ወጡ። ሀ ያሉ ዘጠኝ። ለ ያሉ ሃያ ዘጠኝ። ሐ ያሉ አራት።

«ዕቃው ተበላሽቷል» አሉ መምህሩ። አስደገሙ። ስምንት፣ ሠላሳ፣ አራት። ባትሪ የደከመባቸውን ቀየሩ፣ መሰኪያውን ነቅለው መልሰው ሰኩ፤ ያው ነው። በስተመጨረሻ ፕሮጀክተሩን አጠፉትና «ሀ ነው የምትሉ እጅ አውጡ!» አሉ። የፈጣኗ እጅ መጀመሪያ ወጣ። ከዚያ የጎረቤቷ፣ ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፣ ከዚያ እስከ ኋላ ግድግዳ ድረስ አርባ ያህል እጅ ተነሣ።

«ይኸው!» አሉ። «ሪሞት ምናምን እያሉ ሰው ያጃጅላሉ!»

ነገር ግን ዓይናቸው አንድ ነገር አይቶ ነበር። እጅ ከመውጣቱ በፊት የልጁ ሁሉ አንገት ወደ ፈጣኗ ዞሯል። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ሰጡ። ሠላሳ ልጅ 0.125 ይበልጣል ብሎ ጻፈ።

ሻንጣውን አንስተው ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አደረጉት።

«ይኸውልሽ ዕቃሽ። ሥራዬን አበላሸው።»

ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችም። በሩን ዘጋችና «ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለች። «እኔም አልገባኝም ነበር። ስድስተኛ ክፍል እርስዎ ጋ ተምሬ፣ አስርዮሽ የገባኝ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት፣ አብራኝ የምታድር ልጅ አስረድታኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠይቀውኝ?»

«በየቀኑ ነው የምጠይቀው!»

«‹ግልጽ ነው?› ነው የሚሉን። እስቲ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ‹ኧረ ግልጽ አይደለም› ያለዎት ልጅ አለ?»

ሊያስታውሱ ሞከሩ። አንድም የለም። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሳይወዱ በግድ አባዙት፤ ሠላሳ አንድ ሲባዛ በአርባ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሁለት። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነው ሳይገባው «ግልጽ ነው!» እያለ ሲጮህ የኖረው? በማን ላይ እንደሚናደዱ አላወቁም፤ በልጆቹ እንዳይናደዱ ልጆች ናቸው፤ በዕቃው እንዳይናደዱ ዕቃ ነው። የግቢያቸውን በር በእግራቸው መትተው ገቡ።

«በየትኛው አገር ነው ሰው ያልገባውን ‹ገባኝ› የሚለው?» አሉ ለሚስታቸው።

«እኔ ጋ ሁሉም ይላል» አሉ ሚስታቸው። «መድኃኒቱን እንዲህ ይወስዱታል፣ ገባዎት ስላቸው ‹ገባኝ› ብለው ይሄዱና በሳምንቱ በውሃ የሚሟሟውን ደረቁን ውጠው ይመጣሉ። ስለዚህ ገባዎት ማለት ተውኩ። መልሰው ይንገሩኝ ነው የምላቸው።»

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ሰው ታዳምጣለህ! ለነገሩ እኔም ስታስረዳኝ ‹ገባኝ› የምልህ ቶሎ እንድትጨርስልኝ ነው።»

ያን ሌሊት የተኙት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብተው ጠመኔ ሳያነሱ «ዛሬ እኔ ለ ነኝ» አሉ። «ዜሮ ነጥብ አንድ መቶ ሃያ አምስት ይበልጣል እላለሁ። አሳምኑኝ።»

ፈጣኗ ተነሣች። «ሀ ነው የሚበልጠው።»

«ለምን?»

«ሕጉ ነው።»

«የምን ሕግ?»

ፈጣኗ ደብተሯን ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች፣ ፊቷ ቀላ፣ ተቀመጠች። አንደኛዋ ተማሪያቸውም አልገባትም፤ ሸምድዳው ነው።

ያኔ ከኋላ ረድፍ ድምፅ መጣ። ከቁመቷ የተነሣ «ሚጢጢ» የሚሏት ልጅ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር አፏን ከፍታ አታውቅም።

«ቲቸር፣ መቶ ሃያ አምስት ከሃያ አምስት ይበልጣላ። ነጥቡ ምን እንደሚሠራ አልነገሩንም።»

«ነግሬያችኋለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ነግሬያችኋለሁ!»

«ለሰሌዳው ነው የነገሩት» አለች ሚጢጢ።

ልጅቷ ነገር ለመፈለግ አልነበረም የተናገረችው፤ ያየችውን ነው። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ አድርገው ያወራሉ፣ ዞር ሲሉ «ግልጽ ነው?» ይላሉ፤ ሌላ የለም። አንድ ክፉ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጆቹ መምህሩን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ አንዳንዱ ያመማቸው መስሎት ደነገጠ።

«በይ ነይ ውጪ» አሏት። «የቱ ጋ እንደጠፋብሽ አሳዪኝ።»

ያን ክፍለ ጊዜና ተከታዮቹን ሁለት የፈጀው ያች አንዲት ነጥብ ናት። በሦስተኛው ቀን ሪሞቱን አደሉ፤ ቁጥሩን ቀይረው ያንኑ ዓይነት ጥያቄ አወጡ። ሠላሳ ሦስት ልጅ አገኘው። ዘጠኙ አላገኘውም። «ዘጠኝ!» ብለው ግንባራቸውን ያዙ፤ ማንም ሊያጽናናቸው አልደፈረም።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ርዕሰ መምህርቷ መምህራኑን ሰብስባ ሪሞቶቹ በሚቀጥለው ዓመትም ይቀጥሉ እንደሆነ ጠየቀች። በሁሉም ክፍል ተዘዋውረዋልና ሁሉም ያውቃቸዋል። «ይቀጥሉ የምትሉ?» አለች። ከሃያ ስድስት መምህር የሃያ አምስቱ እጅ ወጣ። አንዱ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ተቀመጡ፤ «ግልጽ ነው»። ሦስት ወር ሙሉ በየኮሪደሩ የረገሙትን ዕቃ በሰው ፊት ሊያመሰግኑት? ሞታቸው ነው።

ርዕሰ መምህርቷ ፈገግ አለችና «እስቲ ደግሞ በሪሞት» አለች። ሃያ አምስቱ እጅ የት እንደገባ እንጃ፤ ይቀጥሉ ያለው አምስት፣ ይቅሩ ያለው ሃያ አንድ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ። ከአምስቱ አንዱ የእሳቸው አውራ ጣት ነበር፤ ይህን ግን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

ርዕሰ መምህርቷም አልተቆጣችም። ላልፈለገ አልሰጥም ብላ ሻንጣውን በኋላ አንድ በአንድ ቢሮዋ መጥተው ለጠየቋት አምስት መምህራን አስቀረችው። በቀጣዩ ዓመት በደህና የሚሠሩት ሪሞቶች ሃያ አንድ ብቻ ሆኑ። አንዱ ከነዩኒፎርሙ ታጥቧል፣ ሦስቱ ከፎቅ ወድቀዋል፣ የቀሩት በምን እንደሞቱ አይታወቅም። ስለዚህ መምህሩ አንዱን ሪሞት ለሁለት ልጅ ሰጡ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ መጫን ክልክል ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ገበያ ሆነ። «ሀ ነው!» «አንተ ነጥቡን አላየህም እንዴ?» «እሺ ለምን እንደሆነ አስረዳኝ!» እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱ ሪሞቱን ይይዛል፣ ሌላው የእሱን እጅ ይይዛል። መምህሩ በረድፎቹ መሃል እየተሽከረከሩ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ከወዲያኛው ክፍል የቋንቋ መምህሩ ግድግዳውን ይደበድባሉ።

«ምን እያስተማሩ ነው እዚያ?»

«ሒሳብ ነዋ!» ብለው ይጮኻሉ «ግልጽ ነው»፤ ወዲያው ደግሞ ባትሪ የጨረሰ ሪሞት ከፍ አድርጎ ወደሚያውለበልበው ወንበር እየተነጫነጩ ይሄዳሉ።